የአባ ተማም ጣትና የማውሱ ጎማ

እኔ ሳነብ ጣቴ አርፎ አይቀመጥም። መጽሐፍ ከሆነ ከመስመሩ ሥር ሥር እየሄደ ይከተለኛል። አንደኛ ክፍል ሳለሁ መምህሬ "ጣትሽን አንሺ!" እያሉ በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር። አነሳለሁ። ዞር ሲሉ እመልሰዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ተመረቅኩ፤ ጣቴ ግን አልተመረቀም። አሁን ኮምፒውተር ላይ ሳነብም ያው ነኝ። የማነበውን መስመር በማውስ እየጎተትኩ ሰማያዊ አደርገዋለሁ። እሱን ስጨርስ ወደሚቀጥለው። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ራሱን ያዞረዋል አሉ። እናንተስ? እጃችሁ ሳያስፈቅዳችሁ የሚሠራው ነገር የለም? አለ። አላያችሁትም እንጂ አለ።

ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ እኔ ጣት አይደለም፤ ስለ ሌላ ሰው ጣት ነው። የሰው ጣት ከማማቴ በፊት የራሴን ላስቀድም ብዬ ነው።

የምሠራው እዚሁ ጅማ፣ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቅምሻ ክፍል ውስጥ ነው። ከየወረዳው የቡና ናሙና ይመጣል። ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ስኒ ውስጥ ሆኖ ፍል ውኃ ይፈስበታል። ከዚያ ቀማሹ በማንኪያ እየጨለፈ ይቀምሳል። ይቀምሳል ስላችሁ ጨዋ ነገር እንዳይመስላችሁ። "ፉርርርት!" አድርጎ ነው የሚስበው፤ ድምፁ ግቢው በር ድረስ ይሰማል። ከዚያ ይተፋዋል። ከዚያ በሩብ በሩብ የሚቆጠር ነጥብ ይሰጣል። እናቴ አንድ ቀን የረሳሁትን ምሳ ዕቃ ይዛልኝ መጥታ ይህን ሰማች። እኛን ልጆቿን ድምፅ ሳታሰሙ ጠጡ እያለች በስንት ቁጣ ነው ያሳደገችን። ለዚህም ዲግሪ ይጠየቃል ወይ ብላ ሄደች።

የክፍሉ ዋና ቀማሽ አባ ተማም ናቸው። እዚሁ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ተወልደው ሄርማታ ያረጁ ሰው ናቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ይቀምሳሉ። የራሳቸው ማንኪያ አላቸው፤ በሸሚዛቸው ኪስ ይዘዋት ይመጣሉ፣ በሸሚዛቸው ኪስ ይዘዋት ይሄዳሉ። ይህ ቡና የሊሙ ነው ካሉ የሊሙ ነው። ተከራክሮ ያሸነፋቸው ነጋዴ እስካሁን አላየሁም።

እኔ ደግሞ እሳቸው የሚናገሩትን ነጥብ ኮምፒውተር ላይ የምጽፍ ነበርኩ። ናሙና መመዝገብ፣ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ ኮምፒውተሮቹ ሲታመሙ ማከምም የእኔ ነው። ስድስቱም አሮጌ ናቸው። ሥራ ስጀምር ቫይረስ ይዟቸው እያቃሰቱ ነበር። ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንኩባቸው፤ ነፍስ ዘሩ። የነጥብ መመዝገቢያዋንም ራሴ ጻፍኳት፤ ተርሚናል ላይ የምትሠራ። ተርሚናል ማለት ያቺ ጥቁር መስኮት ናት። ሥዕል የላት፣ ጌጥ የላት። ትጽፉላታላችሁ፣ ትመልስላችኋለች። ደህና አደርሽ፣ ምነው ከሳሽ፣ መቼ ነው የምታገቢው አትልም። ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የበለጠ ወዳጅ ከየት ይገኛል? ዓይን አፋርነቴን ከተጠራጠራችሁ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ዓመት መዘምራን ውስጥ ነበርኩ። ሁለቱንም ዓመት ያንቀሳቀስኩት ከንፈሬን ብቻ ነው። ድምፅሽ እንዴት ያምራል ያሉኝ ሰዎች ግን አሉ። ጌታ ይባርካቸው።

ዓይን አፋርነት ታዲያ ጣጣ አለው። አባ ተማም አራት ስኒ አከታትለው ይቀምሱና የአራቱን ነጥብ ባንድ ትንፋሽ ይናገሩታል። እኔ ገና ሁለተኛው ላይ ነኝ። "ቆይ፣ ይድገሙልኝ" የሚል ሰው ይላል። እኔ አልልም። የቀረችውን ሩብ ነጥብ እንደመሰለኝ ሞልቼ አልፋለሁ። አበው ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ ዘንድ ስድስት ወር ሲነቅዝ ማንም አላየም።

ያዩት አቶ ሳምሶን ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ሸሚዛቸው ጅማ ዝናብ ውስጥ እንኳ አይጨማደድም። አንዱን ቡና ሁለት ስም ሰጥተው አስቀመሱ። ነጥቡ ተለያየ። ደግመው አስቀመሱ። አሁንም ተለያየ። በማግስቱ መመሪያ በኢሜይል መጣ። ከአሁን በኋላ ማንኛውም ቀማሽ ነጥቡን በገዛ እጁ ኮምፒውተር ላይ ያስገባል፤ መሀል ሰው አይገባም። የመጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፦ "እስከ ወሩ መጨረሻ ይህን ያልፈጸመ ሠራተኛ ከቅምሻ ወደ መጋዘን ይዛወራል።"

የቀሩት አምስት ቀማሾች ከኮምፒውተር ጋር ያደጉ ወጣቶች ናቸው። መመሪያው ለማን እንደተጻፈ ለመገመት ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። አባ ተማም መጋዘን? ማንኪያቸውን በኪሳቸው ይዘው ጆንያ ሊቆጥሩ? ጥፋቱ የእኔ፣ ቅጣቱ የእሳቸው!

እሳቸው ግን ረጋ ብለው ነው የተቀበሉት። "ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ስንቱን ቡና ያናገርኩ ሰው፣ ይቺን ሳጥን ማናገር ያቅተኛል?"

አቃታቸው።

ኪቦርዱ ላይ ስምንት ቁጥርን ሲፈልጉ መርፌ የጠፋበት ሰው ይመስላሉ። ደግሞ ማንኪያዋን ከቀኝ እጃቸው አያስቀምጡም። "ለጊዜው ያስቀምጧትና በቀኝዎ ይጻፉ" ብላቸው፣ ጥርስዎን አውልቀው ያስቀምጡ ያልኳቸው ይመስል አዩኝ። እውነታቸውን ነው። ቀማሽ ስኒው ሳይቀዘቅዝ ነው የሚሮጠው። ማንኪያ ሲያነሳ ሲጥል ቡናው ይበርዳል፣ ጣዕሙ ይሄዳል።

እንግዲህ ሊኑክስን የምወድበት ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ተርሚናሉ የሚታዘዝበት አንድ ፋይል አለ፤ ተራ ጽሑፍ ነው። ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህን አድርግ፣ ማውሱ እንዲህ ሲሆን እንዲያ አድርግ ብላችሁ በየመስመሩ ትጽፋላችሁ። አይከራከርም። ለምን አይልም። ኮሚቴ ይቋቋም አይልም። ከፈትኩትና ጀመርኩ።

ማውሱን ወደ ግራ እጃቸው አዞርኩ፤ የግራና የቀኝ ቁልፎቹንም አቀያየርኩ። መሀል ላይ ያለችውን ጎማ ወደ ላይ ሲያሽከረክሯት ነጥቡ በሩብ እንዲጨምር፣ ወደ ታች ሲያሽከረክሯት በሩብ እንዲቀንስ አደረግኩ። ከኪቦርዱ ስድስት ቁልፍ ብቻ አስቀረሁ፤ ሌላው ቢደበደብ አይሰማም። ከስድስቱ አንዱን ሲነኩ ሙሉ ቃል ይጻፋል፦ የአበባ ጠረን፣ የሎሚ ቃና፣ የጆንያ ሽታ። ቁልፎቹ ላይ ምልክት ለጠፍኩ። ለሎሚው የሎሚ ዘር፣ ለጆንያው ከጆንያ የተመዘዘ ክር። አባ ተማም ክሯን ዳሰሱና ሳቁ። "ማሻአላህ! ይሄማ ምን ይጠፋኛል?" አሉ።

ሁለት ቀን እንደ ሰዓት ሠራ። በቀኝ ማንኪያ፣ በግራ ጎማ። ፉርርርት፣ ትፍ፣ ሽክርክር። እኔም ልቤ አበጠ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሊኑክስ ላይ አንድ ልማድ አለ። ጽሑፍን በማውስ ጎትታችሁ ሰማያዊ ካደረጋችሁት አለቀ፤ ኮፒ ተደርጓል፣ ሳታዙት። ከዚያ የማውሱን ጎማ ከተጫናችኋት ያ ጽሑፍ ያላችሁበት ቦታ ላይ ይለጠፋል። ማሽከርከር አይደለም፤ ወደ ታች ጫን ማድረግ። ለሚያውቅበት በረከት ነው፤ እኔ ያለሱ አልሠራም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በዚያው ኮምፒውተር ላይ የአቶ ሳምሶንን መመሪያ እንደገና አነበብኩት። እንዴት እንደማነብ ነግሬአችኋለሁ። የመጨረሻዋን መስመር ሰማያዊ አድርጌ ተነሳሁ።

አባ ተማም መጡ። ከሊሙ የመጣውን ናሙና ቀመሱ። ነጥቡን አሽከረከሩ። ጎማዋን ጫን አደረጓት። ወደሚቀጥለው አለፉ። ሪፖርቱ እኩለ ቀን ሲሆን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ባለው ማተሚያ በራሱ ይታተማል። ይህንንም ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች።

አቶ ሳምሶን ወረቀቱን ይዘው ወደ ቅምሻ ክፍል መጡ። መሀል ቆመው ጮክ ብለው አነበቡት። ቡና፣ ሊሙ፣ የታጠበ። ቃና፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ይህን ያልፈጸመ ሠራተኛ ከቅምሻ ወደ መጋዘን ይዛወራል።

የሊሙ ቡና ስለ ሠራተኛ ዝውውር አስተያየት መስጠት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው ብለው ጠየቁ። ወጣቶቹ ቀማሾች ፊታቸውን ስኒ ውስጥ ቀበሩ፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እኔ "የእኔ ጥፋት ነው" አልኩ። እውነቴን ነው፣ ብያለሁ። ግን እንደ መዘምራኑ ጊዜ ከንፈሬ ነው የተንቀሳቀሰው። አባ ተማም፣ ጣቴ ናት፣ ምን እንደነካች አላውቅም አሉ። አቶ ሳምሶን ሹፈት መሰላቸው። የወሩን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልግም አሉ። "ሐሙስ ጠዋት፣ ስምንት ስኒ፣ እኔ ራሴ እዚህ ቆሜ፣ አጠገባቸው ማንም ሳይኖር። ካልሆነ ዓርብ መጋዘን!" አሉ።

ቀኑ ሰኞ ነበር።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን "አይጫኗት፣ ያሽከርክሯት ብቻ" ስል ዋልኩ። "ኢሺ ኢንታላ ኮ" ይላሉ፤ ይጫናሉ። ተጫኑ እኮ ስላቸው፣ "ማን? እኔ? ዋላሂ አልነካኋትም!" ይላሉ። ይህን ሲምሉ ሌባ ጣታቸው ጎማዋ ላይ ነው። እየዋሹ አልነበረም። ጣትየዋ ባለቤቷን አታማክርም። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እያልኩ በሆዴ ተናደድኩባቸው። እኔ ደግሞ ማን ነኝና? በማስመሪያ ተመትቼ ያልተውኩ ሰው!

ረቡዕ አንድ ነጋዴ ደርቋል ያለውን ቡና ከነገለባው በሣህን ይዞ መጣ። አባ ተማም ከሰውየው ጋር በኦሮምኛ ወሬ ያዙ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አንድ የጋራ ዘመድ ሠርግ። ቡናውን አላዩትም። ዓይናቸው ነጋዴው ላይ ነው። ግራ እጃቸው ግን ብቻዋን ሣህኑ ውስጥ ገባች። አንዲት ፍሬ ወደ ጠርዙ ሳበች፣ በሌባ ጣት አንከባለለቻት፣ አንከባለለቻትና በመጨረሻ ጫን አደረገቻት። በስሱ። ከዚያ ለቀቀቻት። አባ ተማም የሠርጉን ወሬ ሳያቋርጡ፣ ይሄ ሁለት ቀን ፀሐይ ይቀረዋል አሉት። ነጋዴው ማለ፣ ተገዘተ። በእርጥበት መለኪያው አየነው። እርጥብ ነው።

እኔ ግን ነጋዴውንም መለኪያውንም ትቼ ማውሱን ነበር የማየው። ጎማዋን። ትንሽ ናት፤ ጠንካራ ናት፤ ጣት ሥር ትንከባለላለች። ፍሬ ናት እኮ! ያቺ ጣት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማውሱን ጎማ የምትጠይቃት፣ ደርቀሻል ወይ እያለች ነው! ደግሞ መቼ ነው የምትጫናት? ነጥቡን አሽከርክረው ሲጨርሱ፣ ሐሳባቸው ሲቆርጥ። ሁልጊዜ ያኔ ነው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አልተጫነችም። አባ ተማም "ጨረስኩ" የሚሉት በአፋቸው አይደለም፤ በጣታቸው ነው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ይህን ሁሉ ዘመን የኖረች ጣት በሁለት ቀን ላርም መነሳቴ የእኔ አያያዝ ጉድለት ነበር። የሚታረመው ፋይሉ ነው። ከፈትኩት። መለጠፍ የሚለውን ከጎማዋ ላይ ሰረዝኩ። በምትኩ አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ትርጉሟ ጎማዋ ስትጫን ነጥቡን መዝግብ፣ ወደሚቀጥለው ስኒ እለፍ ነው። በቃ። በዲግሪዬ እንደዚያች መስመር አልኮራሁም።

አባ ተማምን ጠራኋቸውና እንደፈለጉ ይጫኑ አልኳቸው። ትናንት አትጫን፣ ዛሬ ተጫን፣ ምን ነካሽ አሉኝ። የፍሬውን ነገር ነገርኳቸው። ጣታቸውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው እንደ እንግዳ ሰው አዩዋት። "ያ ራቢ! ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር እንዲህ ታደርጊያለሽ?" አሏት።

ሐሙስ ደረሰ። ስምንት ስኒ ተደረደረ። አቶ ሳምሶን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። እኔ ከመስተዋቱ በር ውጭ እንድቆም ታዘዝኩ። አባ ተማም ማንኪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ጀመሩ። ፉርርርት። ትፍ። ሽክርክር፣ ጫን። ሁለተኛ። ሦስተኛ። የሚያቆማቸው የለም። አምስተኛውን ሲያልፉ መተንፈስ ጀመርኩ።

ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ቀመሱ፣ አሽከረከሩ፣ ከዚያ ጣታቸውን ከጎማዋ ላይ አነሱ። አቶ ሳምሶን ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ውጭ ቆሜ ፋይሉን በልቤ መስመር በመስመር እያነበብኩ ነው፤ የቱን ተሳሳትኩ? ተርሚናሉ ደርቆ ይሆን? አባ ተማም ወደ ሁለተኛው ስኒ ተመለሱና እንደገና ቀመሱ። ስድስተኛውን ደገሙ። ፈገግ አሉ። ጣታቸው ወደ ጎማዋ ተመለሰች፣ ሩብ ቀነሰች፣ ጫን አደረገች። ሰባተኛ። ስምንተኛ። አለቀ።

ወረቀቱ ሲታተም የሁለተኛውና የስድስተኛው ነጥብ እስከ ሩቡ አንድ ነበር። አቶ ሳምሶን አንዱን ቡና ሁለት ቦታ ደብቀውት ኖሯል። "ሳምሶን ልጄ" አሏቸው አባ ተማም፣ "መንትያ ልብስ ብትቀይርለት እናቱን ታታልላታለህ?"

በሩ ተከፈተ። ይህን ያዘጋጀው ማን ነው ብለው ጠየቁ አቶ ሳምሶን። "እኔ!" አልኩ። ድምፅ ወጣ። ድምፅ ብቻ? ግቢው በር ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። አንዴ ከወጣ አይቀር ብዬ፣ ድሮ ሩቧን ነጥብ እንደመሰለኝ ስሞላ የነበርኩትም እኔው ነኝ፣ የአባ ተማም ምላስ አንድም ቀን አልተሳሳተም ብዬ ጨመርኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ። አቶ ሳምሶን፣ ነጥብ ሲያመልጥሽ "ቆይ" በይ አሉኝ። ያ ብቻ ነበር። መጋዘን ተረሳ።

ወጉ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ያምር ነበር! ማሽን ለሰው ይገዛል እንጂ ሰው ለማሽን አይገዛም ብዬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ብዕሬን አስቀምጬ። ግን አቶ ሳምሶን ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው። አንድ ክፍል፣ አንድ አሠራር አሉ። ከሰኞ ጀምሮ ስድስቱም ኮምፒውተሮች እንደ አባ ተማም ይዘጋጁ፤ ማንም አይቀይር። በፊርማና በማኅተም።

አዘጋጀሁ። ምን ላድርግ?

አምስቱ ወጣቶች መከራቸውን አዩ። ማውሱ በግራ ነው። ቁልፎቹ ተገለባብጠዋል። ኪቦርዱ ከሎሚ ዘርና ከጆንያ ክር በቀር ምውት ነው። ጎማዋን በጥድፊያ ሲጫኗት ሁለት ስኒ ባንድ ጊዜ ያልፋል፤ እያሽከረከሩ ሲጫኗት ነጥቡ ይዘላል። ናትናኤል የሚባለው፣ ከሁሉም ፈጣኑ፣ ባዶ ስኒ ላይ ነጥብ ሰጠ። ተራ በተራ እየመጡ የድሮውን መልሽልን እያሉ ለመኑኝ። ለእኔ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማኅተሙ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያየናል። አንዱን አዛውንት ከማሽን አገዛዝ ነጻ አወጣሁ ብዬ አምስት ሰው ለአዛውንቱ ጣት አስገዛሁ።

አባ ተማም ከኋላቸው እየቆሙ ያስተምራሉ። "በስሱ! በስሱ! ፍሬዋን ሰበርካት እኮ!" ይላሉ። ሳምንት ሙሉ አይተው ለአቶ ሳምሶን ሪፖርት አቀረቡ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ ችግሩ እነዚህ ልጆች ቡናን በስኒ እንጂ በፍሬው አያውቁትም፤ ጣታቸው አልተማረም።

ሥራ አስኪያጁ ተስማሙ። ደብዳቤውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አምስቱ ሠራተኞች ለሁለት ቀን አጋሮ አካባቢ ወዳለው የቡና ማድረቂያ ይሄዳሉ፤ በሽቦ ወንፊት በተሠራው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጡ የደረቀውን ካልደረቀው በጣት ይለያሉ። ጉዳዩ በሚለው ቦታ ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳቸው። ምን ይጠየቃል፣ የኮምፒውተር ሥልጠና በይው አሉ።

ሄዱ። ፀሐይ አጥቁሯቸው፣ ጣታቸው ተገርቶ ተመለሱ። አሁን ያለ ምንም ስሕተት ይሠራሉ፤ ይህንን መካድ አልችልም። ናትናኤል እንደነገረኝ ከሆነ፣ አልጋው አጠገብ ቡና የምትለቅም አንዲት ሴት የከተማ ልብስ የለበሱትን አይታ ምን ልትሠሩ መጣችሁ ብላ ጠየቀቻቸው። ኮምፒውተር ልንማር አሏት። አልሳቀችም። ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ ስልኳን አወጣች፣ ጅማ ኮምፒውተር የምትማር ልጇ ዘንድ ደወለች። በይ ዕቃሽን ሸክፈሽ ነይ፤ ያንቺን ትምህርት እዚህ አልጋዬ ላይ እየሰጡት ነው አለቻት።